ሁለት ርምጃ

መኪናው ከጎንደር ወረደ በመጋቢት፣
ድምፅ ማጉያ ታቅፎ እስከ ጎርጎራ ጥጋት።
«አትጨባበጡ! ራቁ! ራቁ!» አለ፣
«ሁለት ርምጃ ይበቃል፤ በሽታ አለ፣ አለ!»
ደንገል እየጠፈርኩ ለታንኳዬ ወገብ
ሳቄ አመለጠኝ፣ እንደ ዓሣ ካረጀ መረብ።

ሁለት ብቻ?
እኛ ነገዴዎች ከአያት ቅድመ አያት
ስንኖርበት ነበር፣ ይህንኑ ርቀት።
ውሃ ብንለምን፣ ጣሳው እንዳይነካን
ከላይ ነው የሚፈስ፤ መዳፍ ነው ዋንጫችን።
ቅርጫቱን ሲገዙን ሳንቲሙን ከመሬት
ይወረውሩታል፣ ጣት እንዳይነካ ጣት።

ያን ሰሞን አገሩ፣ መምሬውም ነጋዴው
በክርን ሰላም ባይ፣ ከገዛ እጁ ሸሺ ነው።
እንዴት ነው ጎረቤት? ይከብዳል? ይጎዳል?
ለጥቂት ወር ቢሆንም ትምህርቱ ይገባል?

ሳቄ ግን አልቆየም።
«እጅ ታጠቡ» አሉ፣ ሳሙና ሳይሰጡ።
ሐይቁማ ደጄ ነው፤ እምቦጭ ለብሶ ዋለ፣
ሳሙናው ገበያ፣ ገበያውስ የታለ?

ወንድሜ ሐሽም ሳለ። ሦስት ሌሊት ሳለ።
በአራተኛው ንጋት በታንኳ ጫንኩት፣
ደንገሉ ውሃ ጠጥቶ፣ ከብዶኝ፣ ቀዘፍኩት።
ጤና ጣቢያው ደጅም፣ ገበያውም መሐል
የሰው መቆሚያ ክብ በኖራ ተሥሏል፤
የመጨረሻው ክብ፣ ከቦዩ አፍ የቀረው
ለኛ ነው የተተወው። ማንም አላዘዘው።

ከላስቲኩ ጀርባ ጸሐፊዋ ጠየቀች፦
ስም? ዕድሜ? ቀበሌ?
ብሔር?
ቅጹን አገላብጣ ነገዴን አጣችው፤
«ሌላ» የሚል ነበር።
ሐሽምን «ሌላ» ላይ ምልክት አረገችው።

ምርመራው ጎንደር ነው፣ አምቡላንሱም ጎንደር፤
ነዳጅ የለም አሉን። ጀንበር አዘቀዘቀች።
ነፍሱ በክንዴ ላይ፣ እንደ ታንኳ ማሰሪያ፣
ላላች፣ ላላች፣ ተፈታች።
ማታ በሬዲዮ የሞቱት ሲቆጠር
ሐሽም ከቁጥሩ ውስጥ፣ ከ«ሌላ»ም አልነበር።
አራት ሆነን ቀበርን። እናቴ በሩቁ
ስሙን ትጠራለች፣ ፊቷን ወደ ሐይቁ።

የጀመራት ታንኳ ከደጃፌ አለች፣
ግማሽ ጎኗ ታስሮ፣ ግማሽ ተከፍታለች።
ልጨርሳት እያልኩ እጄ እምቢ ይለኛል፤
እሱ የሚያጠብቀው ቋጠሮ ይጠፋኛል።

ክረምት ገባ፣ ጣለ፤ ኖራው ታጥቦ ሄደ፣
ገበያው ተቃቀፈ፣ ሰው ከሰው ለመደ።
አክስቴ ጦይባ ግን ቅርጫቷን ደርድራ
ከቦዩ አፍ ቆማለች፣ ቅዳሜ በተራ።
ሄጄ «ነይ እንጂ» አልኳት፣ «ክቡ እኮ ጠፍቷል።»
ቁልቁል አየችና፣
«እግሬ ያውቀዋል» አለች።