አራተኛ ፎቅ

ቫዮሊን የለኝም።
አርባ ቫዮሊኖች ባንድ አሮጌ ኮምፒውተር ታጭቀው፣
ቀስት ያልነካቸው፣ ትከሻ ያላቀፋቸው፣
ከፖስታ ቤት ጀርባ፣ ከአራተኛ ፎቅ
ጣቴን ሳሳርፍባቸው
እንደ ነሐሴ ደመና ያዣብባሉ።

ግን ደመና ብቻ ምን ያደርጋል?
ጠብ የሚል ድምፅ ያስፈልጋል።
ስለዚህ ደረጃውን ወርጄ ለመንኩ፣
ስልኬን እንደ ለማኝ ኩባያ ዘርግቼ ዞርኩ።

ትርሐስ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ዚፕ የምትቀይረው፣
መርፌ በከንፈሯ እንደያዘች ነው
የናቷን እሹሩሩ በትግርኛ ያንጎራጎረችው።
መጨረሻው ጠፋት።
«ቆይ… እዚህ ጋ አንድ ቃል ነበረች» አለች፣
ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

ጋሽ ኦይቻ፣ የጥበቃው ሰው፣ የጨንቻው፣
ሌሊት ስምንት ሰዓት ብቻውን በጋሞኛ የሚያወራው
(ከማን ጋር እንደሆነ አልጠየቅኩትም)
ወፍራም ድምፁን ከደረቱ ሥር አውጥቶ ሰጠኝ፤
«ስትጨርስ መልስ፣ እንዳትቆርሰው» አለኝ።

ሐዊ፣ የመኪና ማቆሚያ ደረሰኝ ስትቆርጥ፣
ሳይከፍል የሮጠ ሹፌር ነበር፣
በኦሮምኛ አወረደችበት።
ያንን ስድብ ገለበጥኩት፣ ጎተትኩት፣ ማሚቶ አጠጣሁት፤
አሁን መላእክት ይመስላል።

ሙሴ ሃጎፕ ግን —
ፒያሳ፣ ሰዓት ጠጋኙ፣ ባንድ ዓይኑ ማጉያ የሰካ፣
«ዘፈን አልችልም፣ ቁጥር ልቁጠርልህ» አለ።
በአርመንኛ ካንድ እስከ አሥራ ሁለት ሊቆጥር ጀመረ፣
አሥራ አንድ ላይ ሳል ያዘው፣ እዚያው ቀረ።
በሁለተኛው ሳምንት ሱቁ ፈረሰ።
ሰዓቶቹን በካርቶን ይዞ የት እንደገባ የነገረኝ የለም፣
ስልኩም ጥሪ አይቀበልም።
ሄጄ የፍርስራሹን ድምፅ ቀዳሁ፤
ኤክስካቫተሩ ግድግዳ ሲመታ፣ ዱም… ዱም…
ከበሮ አደረግኩት።
ነውር ይሁን ሐዘን፣ እስካሁን አላወቅኩም።

ትናንት ማታ መብራት ሦስት ሰዓት ላይ መጣ።
መስኮቱን ከፍቼ ሁሉንም ባንዴ ለቀቅኩት፤
አርባው ቫዮሊን የቸርችልን ቁልቁለት
ወደ ለገሃር ተንደረደረ፣
ትግርኛው ጋሞኛውን ተደግፎ፣
ስድቡ ከላይ ተንሳፍፎ፣
ከሥር፣ ከከበሮው በታች፣
መክ፣ የርኩ፣ የረክ፣ ቾርስ…

ጋሽ ኦይቻ ዱላውን ይዞ ወጣ፤
በሩ ላይ ቆመ፣ የራሱን ድምፅ ሰማ፣ አፈረ።
«ሴትየዋ ምን እያለች ነው?»
አላውቅም አልኩት፣ ትግርኛ አልችልም።
«እኔም» አለ፣ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

የትርሐስ ቃል የጠፋችበት ቦታ ደረሰ።
አራት ምት ባዶ ትቼላት ነበር፤
ቫዮሊኖቹ እንኳ ትንፋሽ የሚይዙበት።
በዚያ ባዶ ውስጥ፣ ሳላስበው፣
የሽማግሌው ሳል ገባ።

ጋሽ ኦይቻ ጆሮውን አቀና።
«ይሄ ሰውዬ ደረቱን ታሟል፤
ዝንጅብል አፍላለት።»

እሺ አልኩት።
ከመጀመሪያው መልሼ ከፈትኩት።