መሀል ሰፋሪ

የስድሳ ስምንት ፎርድ፣ አንድ ጎኗ ዝጎ፣
አንድ የሞሻቭ ሽማግሌ ሸጠልኝ፣ ዋጋዋን ዝቅ አድርጎ፤
ብርቱካን ስትጭን ኖራ አርባ ክረምት፣
ሞተሯ ሲግል ዛሬም ልጣጭ ልጣጭ የምትሸት።
ጋቢናዋ ጠባብ፣ ወንበሯ አንድ ወጥ፣ መደብ የመሰለ፣
በየመዞሪያው ስልኬ እየወደቀ፣ ቁልፌ እየተንከባለለ።

«ሣጥን ልሥራላት» አልሁ፣ ከላሜራ፣
መሀል ላይ የሚቆም፣ ማርሹን ሳይነካ ቀኝና ግራ።
በካርቶን ለካሁ፣ በሜትር ለካሁ፣
ወለሏ ጉብ ያለበትን፣ የካምቢዮውን ጀርባ፣ በመዳፌ ዳሰስሁ።

አባቴ ይርዳው ከጋራዡ በር ላይ፣ በነጭ የላስቲክ ወንበር፣
ከዘራውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ያየኝ ነበር።
ማረሻ ሲያወጣ ያደገ፣ ማጭድ ሲስል የኖረ፣
እዚህ፣ ገዴራ፣ ሀያ ዓመት የትምህርት ቤት ኮሪደር ወልውሎ የተጦረ።
ስለዚያ አያወራም። ጠይቄውም አላውቅ።
በመሀላችን ያለው ዝምታ፣ ፍሌክስ የማይቆርጠው፣ ቢበየድ የማይሞቅ።

«እሳቱስ?» አለኝ።
«እሳት የለውም አባ። በቀዝቃዛው ነው የሚታጠፍ።»
ራሱን ነቀነቀ።
ሳይቀላ የታዘዘ ብረት፣ ለእሱ፣
ገና ያልተጠየቀ ብረት ነው።

እዚያ፣ በወናፉ ዘመን፣
«ቀን ይቀጠቅጣል፣ ሌት ጅብ ይሆናል» ይሉት ነበር አሉ፣
በሠራው ማረሻ አርሰው፣ ያረሱትን እየበሉ።
እኔ ያደግሁት እዚህ ነው። ጅብ የሚሆን ሰው አላየሁም፤
ከወይኑ ማሳ ዳር ሌት የሚያላዝን ቀበሮ አለ፣
እሱም ቀን ላይ ማንንም አልነበረም።

ዓርብ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ሣጥኑ ቆመ፤
ቀጥ ያለ፣ አራት ማዕዘን፣ በኮምፒውተር የታለመ።
ሁለት ኩባያ የሚይዝ፣ ለስልክ የምትሆን ጉድጓድ በስተግራ፣
ብየዳው እንደ ዓሣ ቅርፊት ተራ በተራ።
በአራት ብሎን ከወለሏ ጋር አሰርሁት።
«ግባ እስቲ፣ አባ» አልሁት።

ገባ። ደግሞም አልገባ።
ግራ ጉልበቱ አይታጠፍም፣
ከትምህርት ቤቱ ደረጃ ከወደቀ ወዲህ።
ሚሊሜትር በሚሊሜትር ፎርዷን ለክቼ፣
አጠገቤ የሚቀመጠውን ሰው ረስቼ።

ምንም አላለም። እያነከሰ ወረደ።
በልጄ ቾክ፣ አስፋልት በምትሞነጫጭርበት፣
በሣጥኑ ቀኝ ጎን መስመር አሰመረ፣
ጎባጣ፣ የሐብሐብ ቁራጭ የመሰለ።
ልኩን በስንዝሩ ነው ያገኘው።
«ይህን አውጣው።»
«ይጣመማል፣ አባ። ግራና ቀኙ አይመሳሰልም።»
«የኔና ያንተ ጉልበት መቼ ተመሳሰለ?»

ቆረጥሁት። ጠርዙ ስለት ሆነ፣ ሱሪ የሚበላ።
«መዶሻ» አለ። ሰጠሁት፣ እጀታው ጎማ የሆነውን።
አገላበጠው፤ ናቀው፤ ያዘው።
ከዚያ የጋዙን ነበልባል አስለኮሰኝ፣
ብረቱም እንደ ወጉ ቀላ።
ሦስት ቀላል፣ አንድ ከባድ፤
ሦስት ቀላል፣ አንድ ከባድ።
ከማዶ ጎማ የሚጠግነው ሩሲያዊ
ራዲዮኑን ዝቅ አደረገ።
ጠርዙ ወደ ውስጥ ገባ፣ ዝም እንዳለ ሰው ከንፈር።
አባቴ ላቡን በእጅጌው ጠረገ፤
እጁ አልተንቀጠቀጠም። ጧት ሻይ ሲይዝ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

የሰንበት መግቢያው ጥሩምባ ሲነፋ መንገድ ላይ ነበርን፣
ፀሐይዋ በመስታወቱ ገብታ ሁለታችንንም አሳወረችን።
«ማን ይሉታል ይሄን?»
«ኮንሶል።»
«ኮንሶል» አለ፣ ቃሉን እንደ ብሎን በአፉ እያዞረ።
«በእኛ መሀል ሰፋሪ ነው፣
ወዲያም ወዲህም የማይል።»
ቀጥሎ ጉልበቱን ጎባጣው ውስጥ አስገብቶ ዳበሰ፤
«ይሄ ግን አደላ።»

ከአራቱ ብሎኖች አንዱ ይንኳኳል፣
በየጉብታው፣ ቀጭ ቀጭ።
«እሑድ አጠብቀዋለሁ» አልሁ።
«ተወው» አለኝ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል፣
«ያውራ።»