የመስመሩ ውፍረት

ገምጋሚ ሁለት እንዲህ ብሎ ጻፈ፦
«ዐሥራ ሰባተኛው ነጥብ ከልኩ አለፈ።
ጸሐፊዎቹ ምክንያት ያቅርቡ፣
አለዚያ ይውጣ ነጥቡ።»

ዶክተሩ ደብዳቤውን በስልክ ላከልኝ፣
ከሥሩ አንድ ቃል፦ «ሂድልኝ።»

እኔ ስሜ ጥናቱ ላይ የለም።
የመለኪያው ተሸካሚ፣
የባትሪው ጠባቂ፣
ሦስት እግሩን ጭቃ ላይ ተካይ፣
ሳተላይት እስኪቆጠር ሰማይ ሰማይ የማይ።

ከቂጦ ፉርዲሳ በባጃጅ ወረድኩ፣
ከዋናው መንገድ ወዲያ በእግሬ ሄድኩ።
የቦዬ ቄጠማ ወገብ ደርሷል፣
ጡብ የሚመታበት ጉድጓድ ውሃ ለብሷል።

ነጥብ ዐሥራ ሰባት የኸይሪያ ደጃፍ ነው።
ያን ጊዜ በጥር፣ የረግረጉን ዳር ስንፈልግ፣
ሰማያዊው ቀለም የሚያልቅበትን፣
እሷ ናት በጭቃ እጇ ያሳየችን።
«እዚህ ነው» አለች፤ ደግሞ ሳቀችና፣
«ዛሬ እዚህ ነው። በሐምሌ ና።»

በሐምሌ መጣሁ።
ሦስት እግሩን ተከልኩ፣
የውሃ ልኩ አረፋ መሃል እስኪገባ ጠበቅኩ።
አልጋዋ ጡብ ላይ፣ ጡቡም ጡብ ላይ፣
ዶሮዎቿ ከቆርቆሮው በላይ።
«ስሕተት ነው ይላሉ» አልኳት።
«ማን ነው የተሳሳተው?
ውሃው ነው?»
ዱቄቷን ከወለል አንስታ ቆጥ ላይ እየሰቀለች።

የለካሁትን ላክሁ። መልስ አልመጣም።
መጽሔቱ ታትሞ ወጣ፣ በኅዳር፣
ሽፋኑ የሚያብረቀርቅ፣ ገና ማጣበቂያ ማጣበቂያ የሚል።
ሠንጠረዡ ላይ ነጥቦቹ ዐሥራ ስድስት ናቸው።
ስሕተቱ ከአንድ ሜትር በታች ወርዷል፤
ገምጋሚ ሁለት ረክቷል።

ከቤተ መጻሕፍት ተውሼ፣ በላስቲክ ጠቅልዬ
ወሰድኩላት።
ገጹን አዞረችው፤ መልሳም አዞረችው፤
ጅሬንን ከፍ ብሎ አገኘችው።
አዌቱን በአውራ ጣቷ ይዛ ቁልቁል ተከተለች፣
ሂርማታን አለፈች፣
ሰማያዊው ጫፍ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ቤቴስ?»

እንዴት ልበላት?
መስመሩ ግማሽ ሚሊ ሜትር ነው አልኳት፤
ካርታው አንድ ለሃምሳ ሺህ፤
እና ይኼ ቀጭኑ መስመር
መሬት ላይ ሲወርድ ሃያ አምስት ሜትር።
ቤትሽ፣ የጡብ እቶንሽ፣ ሦስቱ የሙዝ ግንድ፣
ከነዶሮዎቹ
መስመሩ ውስጥ ናችሁ።

ዝም አለች። ጭቃ ያለበት ጣቷ አልተነሣም።
«ታዲያ እኔ ከወዴት ነኝ?
ከከተማው ወይስ ከውሃው?»

ይህን ገምጋሚ ሁለት አልጠየቀም።

መጽሔቱን ስመልስ
የቤተ መጻሕፍቷ ሠራተኛ ገልጠው አዩት፤
«ቆሽሿል፤ ቅጣት አለው፤ ሃያ ብር» አሉ።
ከፈልኩ።
ደረሰኙ ላይ «ምክንያት» የሚል ባዶ ቦታ ነበር፤
«ነጥብ ዐሥራ ሰባት» ብዬ ሞላሁት።