ዘጠኝ እና ሦስት

ሎሬል አሥራ አራት ዓመት ከመንፈቅ ሲሞላት
የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ የመንጃ ትምህርት ቤት ሆነላት፤
ያ አሮጌ ላፕቶፕ፣ አንድ ፊደል የጎደለው፣
እንደ ደከመ በሬ እያቃሰተ የሚነሳው።
ኢንተርኔቱ ከእህል ጎተራው አናት በአየር ይመጣል፤
ዳኮታ ላይ ነፋስ ሲነሳ፣ መምህሩ አፉን እንደከፈተ ይቀራል።

ሠላሳ ሰዓት ነው ትምህርቱ፤ ገጹም የራሱ ሰዓት አለው፣
አንብበሽ ብትጨርሺ እንኳ፣ ጊዜው ካልሞላ አያልፍም፣ ግትር ነው።
አራት ደቂቃ ስለ ቀይ መብራት፣
ሦስት ደቂቃ ተኩል ስለ ፍሬቻ፤
ቅርቡ ቀይ መብራት ከኛ ቤት ስልሳ ማይል ነው፣ ስልሳ ብቻ።

እኔ አጠገቧ ተቀምጬ፣ ያልተጠራሁ ረዳት፣
ሃያ ስድስት ዓመት ካሚዮን ነድቼ ምን ይሳነኛል በማለት
ጥያቄው ገና ሳያልቅ መልሱን እወረውራለሁ።
"ሀ ነው" እላለሁ። "ስህተት" ይላል። "እሺ፣ ለ" እላለሁ።
"ስህተት። እንደገና ይሞክሩ።" ትሁት ነው፣ አይቆጣም፤
እንደ አባቴ ኮፍያውን አውልቆ አናቴን አይመታም።

እጅ መሪ ላይ የት ይቀመጥ? ይሄንንስ አልስተውም፦
አሥር እና ሁለት! ትራክተር ላይ የተማርኩት፣ ሌላ አላውቅም።
"ስህተት።" ዘጠኝ እና ሦስት ሆኗል፤ ዘመን ሰዓቱን አዙሮታል፤
በመሪው ሆድ ኤር ባግ ተኝቷል፣ ሲነሳ ክንድ ይሰብራል።
እጆቼን አየር ላይ ዘረጋሁ፤ ወደ ዘጠኝ፣ ወደ ሦስት፣
ዝቅ አደረግኳቸው ቀስ ብዬ፣
የሌለ መሪ ይዤ፣ በሌለ መንገድ፣ በሌለ ሌሊት።
ሎሬል አይታኝ ሳቀች። ሳቅኩ።
ከኅዳር ወዲህ መሪ መሳይ ነገር ስይዝ
የመጀመሪያዬ መሆኑን ልነግራት ነበር፤ ተውኩ።

ምዕራፍ ሰባት። ጥያቄ አሥራ አንድ። ጮክ ብላ ጀመረች፤
"አሽከርካሪ መንዳት የሌለበት መቼ ነው?" ምርጫውን ቀጠለች፦
ሀ፣ ሲጠጣ። ለ፣ እንቅልፍ ሲጥለው። ሐ፣ በድንገት ራሱን—
እዚህ ጋ ድምጿ ተቆረጠ፤ በዓይኗ ብቻ ጨረሰችው ቀሪውን።
ገጹ ሰዓቱን ይቆጥራል። ሁለት ደቂቃ ከአርባ።
ተነሣሁ። የታጠበ ሳህን እንደገና አጠብኩ።

የኅዳሩን እኔ አላየሁትም፤ ያዩት ናቸው የነገሩኝ፦
ነዳጅ ማደያው በር ላይ፣ መኪናው ቆሞ (ተመስገን፣ ቆሞ)
መሬት ላይ ስንፈራገጥ አገኙኝ።
ከዚያ ሐኪሙ፣ ከዚያ ፖስታው፣ መንጃ ፈቃድህን መልስ የሚል፤
ጨዋ ደብዳቤ ነው፣ መሳቢያ ውስጥ ካለቀ ባትሪ ጋር ያድራል።

ከኋላዬ ጣቷ ሲጫን ሰማሁ። አንዴ። "መ፣ ሁሉም።"
"ትክክል! እንኳን ደስ አለዎት!" አለ ማሽኑ፣ በሙሉ ድምፁ፤
እሷ ግን ምንም አላለችም።

ማክሰኞ ፈተናውን አለፈች፤ ከሃያ አምስቱ ሁለት ሳተች፤
ፎቶዋ ላይ ዓይኗ ተጨፍኗል፤ ግድ የላትም፣ ትራስ ሥር አድርጋው ተኛች።
ሕጉ ግን ይላል፦ ተለማማጅ ብቻውን አይነዳም፣
ጋቢና ፈቃድ ያለው ሰው ይቀመጥ። እኔ ደግሞ የለኝም።
ስለዚህ ሩት ሃቨርካምፕ መጣች፣ የትምህርት ቤቱን አውቶቡስ የምትነዳው፤
በዚህ ወረዳ አፍንጫቸውን ያልጠረገችላቸው ልጆች ጥቂት ናቸው።
ቀበቶዋን አሰረች፣ ስፖኪዮውን ለልጄ አስተካከለች፣
"በል ቨርን፣ አንተ ከኋላ" አለች።

በገዛ ፒክአፔ የኋላ ወንበር ተቀምጬ አላውቅም ነበር።
ለካ እዚህ የገመድ፣ የብስኩት ፍርፋሪ፣ የውሻ ፀጉር አገር አለ፤
ለካ ጉልበት አይዘረጋም፤ ለካ ከዚህ ሲታይ
የሹፌር ማጅራት እንጂ የሹፌር ፊት አይታይ።
የሎሬል ማጅራት፣ ቀጭን፣ ፀጉሯ በላስቲክ የታሰረ፤
እጆቿ ዘጠኝ ላይ፣ ሦስት ላይ፤
መንገዱ በበረዶ ቅሪት የተዥጎረጎረ።

የጠጠሩን መንገድ ጨርሳ አስፋልቱ ጋ ስትደርስ
መቆም አለባት፤ እንደምትቆምም አውቃለሁ፤ ምዕራፍ ሦስት።
ቢሆንም እግሬ፣ ቀኙ፣ ሃያ ስድስት ዓመት የሠራው፣
የወለሉን ምንጣፍ ረገጠ፣ ፍሬን ያለ መስሎት።
መኪናዋ ቆመች። ምንጣፉ ይሁን ልጄ
ለአፍታ አላወቅሁም ማን እንዳቆማት።

ከዚያ ፍሬቻው መምታት ጀመረ፦ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ።
ወደ ግራ።
ማንንም አልጠየቀችም።