ወደ ነባሪው

ከሌሊቱ ስምንት ተኩል፤ ስክሪኑ ሁለት ተኩል ይላል፤
ቤርሳቤህ ተኝታለች፤ ማቀዝቀዣው ብቻ ያጉረመርማል።
የአርባ ሰባት በሽተኛ ቀጠሮ በሁለት ሰዓት ተንሸራቷል፤
ሐኪሙ ከአልጋው ሳይነሳ ሰው በደጅ ተሰልፏል።

ፈልጌ ደረስሁበት። ትናንት ማታ አንዱ ገብቶ፣
ለራሱ ጉዳይ ሰዓቱን የለንደን አድርጎ፣ ወሩን ከቀኑ አስቀድሞ፣
ሥራውን ጨርሶ ወጣ፣ የነካውን እንዳለ ትቶ።
ግንኙነቱ ግን አይሞትም፤ ወደ ገንዳው ተመልሶ
ቀጣዩን ሰው ይጠብቃል፣ የፊተኛውን አመል ለብሶ፤
እንደ ኪራይ ካፖርት ነው፤ እጅሽን ኪሱ ስትከቺ
የሌላ ሰው ቁልፍ ይወጣል፤ የማንን በር ልትከፍቺ?

መድኃኒቱ አንድ መስመር ነው፦ «ሁሉም ወደ ነባሪው ይመለስ»።
ጻፍሁት። አንድ መዝገብ ሳይጠፋ፣ የማንም የደም ውጤት ሳይደመሰስ፣
የተጻፈው እንደተጻፈ። የተረሳው አመሉ ብቻ፣
ቋንቋው፣ የሰዓት ቀጠናው፣
ስንት ሰኮንድ እንደሚጠብቅ፣ የትዕግሥቱ ዳርቻ።

ነባሪውስ የማን ነው? ዋናውን ፋይል ከፈትሁ።
ኤልያኪም የሚባል ሰው፣ እኔ ሳልቀጠር የሄደ፣
የዛሬ አስራ አንድ ዓመት
ከመስመሩ ጎን «ለጊዜው» ብሎ ጽፎበታል።
ለጊዜው!
ነባሪ ያልነው ይኸው ነው፤ ቀድሞ የገባ ነባር፣
ወንበሩን እንደመሰለው ወደ መስኮት ያዞረ እንጂ
የተፈጥሮ ሕግ መች ነበር።

አባቴ አያልነህ እዚህ አገር አርባ ዓመት ኖሮ፣
ሰዓቱን ዛሬም ያስራል እንደ ጎንደር ቆጥሮ።
አንዴ የዚሁ ክሊኒክ ጸሐፊ «ዘጠኝ ሰዓት ና» ብትለው
ሸሚዙን አስተኩሶ ሄደ፣ ቀትር ካለፈ በኋላ፤
ወረፋው ተበትኖ፣ ጽዳቷ ወለሉን ስታጥብ አገኛት።
«አምጣ ላስተካክልልህ» ብለው እጁን እጅጌው ውስጥ ከተተ፦
«ተይው። እነሱ ሲጠሩኝ ስድስት ቀንሼ እመጣለሁ።
ስነሳ ግን በራሴ ነው።»

ግንኙነቱን ፈትሼ፣ አጥቤ፣ ወደ ገንዳው ለቀቅሁት።
አርባ ሰባቱም ቀጠሮ ወደ ቦታው ገባ።
መስኮቱ ሲገረጣ ስልኬ ጮኸ፤
እያወቀ ነው የሚጠይቀኝ፦
«ስንት ሰዓት ሆነ፣ ልጄ?»
«በማን?» አልሁት።
ትንሽ ዝም አለ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፤
«አንቺ፣ ሌሊቱን በማን አደርሽ?»