ደቻቱ ሰማያዊ አይደለም

ሰኔ ነው፣ ከዚራ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣
ግድግዳው ላይ ዓለምን ዘረጋሁት በመብራት።
ማራገቢያው ያቃስታል፣ ቆርቆሮው ፀሐይ ይተፋል፣
የምድር ኳስ በኖራው ላይ ቀስ እያለ ይንሳፈፋል።
«ዛሬ» አልኩ፣ «ስፓኒሽ የሚያወሩ ሃያ አገሮች እናያለን።»
ማን ሰምቶኝ!
ሰው ካርታ ሲያገኝ አስቀድሞ ይፈልጋል የገዛ በሩን።

ኢፍቱ ገንደ ቆሬ፣
ሂርሲ ለገሃሬ፣
ምንተስኖት ሳቢያንን በሁለት ጣት እየለጠጠ
ካንድ ሺህ ቆርቆሮ መሃል የአክስቱን፣ ባለ ጎማውን፣ መረጠ።

«መምህር፣ የኛ መንገድ ስም የለውም?» አለች ኢፍቱ።
መልስ ሳልፈልግላት ሂርሲ ቀደመኝ፣ ጋለ አንደበቱ፦
«ስም ያለውስ ምን ጠቀመው? ይኸው ዋሽቷል በደቻቱ!
ሰማያዊ ቀብተውታል፣ ውኃ የሞላ አስመስለው፤
ኳስ የምንለጋበትን፣ ግመል የሚያርፍበትን አሸዋ
ማን ነው ባሕር ያለው?»

እውነቱን ነው። ደቻቱ ሰማያዊ አይደለም።
ያቺ የሐምሌ ሌሊት፣ እነሱ ገና ሳይወለዱ፣
በር ሰብሮ የገባውም
ጭቃ ነበር መልኩ። ይህን ግን አላልኩም።

ካርታውን ወደ ደቡብ ገፋሁት።
«ቺሊ ይህቺ ናት፤ እንደ ሐዲዳችን የቀጠነች፣
በተራራና በባሕር መሃል ተጨንቃ የተኛች።
እዚህ ጋ አታካማ፤ ዝናብ ረስቶት የቀረ።»
«ከሽንሌ ይብሳል?»
«ይብሳል።»
«ኧረ!»

«ቦሊቪያ ባሕር ነበራት፤ ጦርነት ወሰደባት።»
ክፍሉ ጸጥ አለ።
ማብራሪያ የጠየቀኝ የለም፤
ጎረቤት መሰለቻቸው መሰለኝ፣ አዘኑላት።

«ይሄ ደግሞ አፍሪካ ውስጥ ምን ይሠራል? መንገድ ጠፍቶት ነው?»
«ኢኳቶሪያል ጊኒ ነው። አገሩ አልተንቀሳቀሰም፤
ቋንቋው ነው በመርከብ የመጣው።»

ከዚያ እጄ አመለጠኝ። ወይም አላመለጠኝም።

ከኩባ በታች ጣል ያለች፣ ከሸሚዝ የረገፈች ቁልፍ፣
ደሴት አለች። አቀረብኳት። የብርቱካኑ ረድፍ
እንደ ኤረር ነበር ያኔ፤ ዛሬ ቁጥቋጦ በልቶታል።
ረጅም ግራጫ ሕንጻ። ጣሪያው ግማሹ ወድቋል።
«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ።
«ትምህርት ቤት።»
«የማን?»
«የኔ።»

ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። አባቴ ካራማራ ቀርቷል።
የሂርሲም አያት እዚያው ነው የቀረው፣ ልጁ ነግሮኛል፤
በየትኛው ወገን እንደሆነ
እስካሁን አልጠየቅኩትም፣ እሱም ሳይነግረኝ ያልፋል።

ምንተስኖት መለኪያውን ከከዚራ ስቦ ጣሪያዬ ላይ አሳረፈ፦
«ዐሥራ ሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር፣ ቀጥታ!»
እኛ ግን ቀጥታ አልሄድንም።
በመርከብ ነው፣ ከአሰብ፣ በፍራሽ ተርታ፣
ሌሊት እናቱን የሚጠራ፣
ጠዋት ተነሥቶ ማንንም እንዳልጠራ
ፊቱን የሚታጠብ ስንት መቶ ልጅ።
ይህን የሚለካ ቁልፍ የለም በዚህ ማሽን እጅ።

«እሺ፣ መምህር» አለ ሂርሲ፣ ዝምታው ሲከብደው፣
«ደረቅ ወንዝ በስፓኒሽ ምንድን ነው?»
«ሪዮ ሴኮ።»
«አሸዋስ?»
«አሬና።»
ደጋገመው በአፉ፣ እንደ ከረሜላ አላመጠውና።

ተደወለ። ወንበር፣ ቦርሳ፣ ጫማ፤
የባጃጅ ጥሩምባ ከውጭ ተሰማ።
ፕሮጀክተሩን አጠፋሁት፤ ደሴቲቱ ኖራ ሆና ቀረች።

በመስኮት አየኋቸው፣ ደቻቱን በእግር ሲያቋርጡ፣
«አሬና! አሬና!» እያሉ፣
ካርታው ውኃ ነው ባለው ላይ አቧራ እያስነሡ ሲሮጡ።
ኢፍቱ ብቻ ወደ ኋላ ቀርታ፣
ስልኳን በመዳፏ ከፀሐይ ከልላ፣
ስም ለሌለው መንገዷ
ስም ትጽፋለች፣ ትሰርዛለች፣
እንደገና ትጽፋለች።