ጭራ

ቅጹ አንዲት ገጽ ናት፦ ስም፣ የልደት ዓመት፣
የጫማ ቁጥር፣ አስም፣ የጉልበት ጤንነት፤
ከግርጌው «አደጋ ቢደርስ ለማን እንደውል?» ይላል፤
እሱን ዘለልኩት። ቀልድ ይመስላል፤
የሆቴል አንሶላ የሚያጥብ ሰው ምን አደጋ ያገኘዋል?

ካንሞር ከመጣሁ ስድስት ዓመቴ፤
ተራራን የማውቀው በእንፋሎት መስኮት፣
ከቤቴ ሥራ፣ ከሥራ ቤቴ፤
እንግዶች ሲወጡ፣ እንግዶች ሲወርዱ፣
ጭቃቸውን ብቻ ለኔ እየሰደዱ፤
በፎጣ ጠርዝ፣ በካልሲ፣ በትራስ ጨርቅ ታቅፎ
የመጣው ያ ጭቃ ነው የጠራኝ፣ የማሽኑን ጩኸት አልፎ።

ሮዌና ሳቀች፣ አንሶላውን በጫፍ ይዛ፦
«ማነው በቅዳሜው፣ በገዛ ገንዘቡ፣ ድካም የሚገዛ?»

ማለዳ፣ ከመኪና ማቆሚያው፣ አሥራ አንድ ሆነን፣
ሎርና የድብ መከላከያ ታጥቃ፣ ደንቡን ነገረችን፦
«ድብ ካያችሁ አትሩጡ። ስትሄዱ አውሩ።
ማንም ብቻውን አይቅር ከዱሩ።»
ጡረተኞች ናቸው፤ ታናሻቸው በአሥር ዓመት ይበልጠኛል፤
እግራቸው ግን የዋልያ ነው፣ «ማን ይደርስብኛል!» ይላል።

ሃያ ደቂቃ ሳንሄድ ትንፋሼ ከዳኝ፣
ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ገብቶ በመዶሻ መታኝ።
ቀስ በቀስ ይሄዳል የተባለው እንቁላል፣
የኔው ገና ነው መሰል፣ እግር የት አብቅሏል?
አለፉኝ አንድ በአንድ፣ «ደህና ነሽ?» እያሉ፤
«ደህና ነኝ» አልኩ፣ ዛፍ ደግፌ፣ እስኪያልፉ በሙሉ።

ያን ጊዜ ሰማሁት፣ ከአርባ ዓመት ወዲያ፣ የሰኔን መዝጊያ፣
የመምህር ጌጤን ድምፅ፣ ከባንዲራው ሥር፣ ከመሰለፊያ፦
«ትብለጥ! ከሃምሳ ሁለት፣ ሃምሳ ሁለተኛ!»
ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። «ጭራ! ጭራ!»
ስሜ ራሱ ከዚያ ወዲያ ሆነብኝ ምቀኛ።

ዞር ብል፣ አንድ ሽማግሌ፣ ብርቱካናማ ጨርቅ ከቦርሳው ያሰረ፣
ዱጋል ይባላል፣ ሰባ ስምንት ዓመቱ፣ ከኔም ኋላ የቀረ።
«ተመስገን» አልኩ በልቤ፣ «ከኔ የባሰ አለ፤
ዛሬስ ሌላ ሰው ነው ጭራነት የታደለ።»
ልጠብቀው ብዬ ስቆም፣ እሱም ቆመ።
ብፈጥን ፈጠነ። ብቀመጥ፣ ሣር ላይ ተጋደመ።
የጫማውን ክር ፈታ፣ መልሶ አሰረ፤
ፈታ፣
መልሶ አሰረ፤
በመስከረም ቅጠሉ ወርቅ ስለሚሆን ጥድ፣ ስለ ላርች፣ ማውራት ጀመረ።

ዛፍ ካለቀበት፣ ነፋስ ሹራብ ከሚገፍበት ቦታ፣
ሎርና ቆጠረችን በጣቷ፣ በእርጋታ፤
ዱጋል ከኔ ቀጥሎ ሲደርስ «ጭራችን ገባ!» አለች።
አንድም ሰው አልሳቀም። መዝገቧን ዘጋች።

ለካ ሹመት ነው። አቀበቱን የጨረሰ
ነው የሚሰጠው፤ ሁሉም እስኪያልፍ የታገሠ።
ጭራማ፣ በእኛስ አገር፣ ዳኛ አይደል ወይ የሚይዘው?
መምህር ጌጤ ምነው ረሱት?
እኔስ ምነው ረሳሁት፣ ዝንብ ሲያባርር ያየሁት፣ የአያቴን ወንበር ሲያከብረው?

ዘንድሮ ላርቹ ወርቅ ሲለብስ፣ ዱጋል ዳሌውን አስቀየረ፤
ብርቱካናማዋን ጨርቅ ላከ፤ «ለትብለጥ» የሚል ነበረ።
ቅጹን ሳድስ፣ ባዶው ቦታ ላይ «ሮዌና» ብዬ ጻፍኩ፤
«ድቡ ከበላሽ በኋላ ምን ላደርግ?» አለች፤ አብሬ ሳቅኩ።

አሁን ከፊቴ አንዲት ልጅ፣ ከባንክ ቤት፣ አዲስ የገባች፣
ዛፍ ተደግፋ፣ ፊቷ ደም ለብሶ፣ በቅንድቧ ታየኛለች፤
«ከኔ የባሰች አለች» ሳትል አትቀርም። ትበል።
የጫማዬን ክር እፈታለሁ።
አሥራለሁ።
ከላይ የሎርና ድምፅ ይቆጥራል፣
ዘጠኝ ላይ ደርሶ ቆሟል።

ይቁም።